ጡረታ ከሥራ እንጂ ከሰው መሰናበት አይደለም

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ የአገልግሎት ዘመኑን ፈጽሞ በጡረታ ሲሰናበት በየመሥሪያ ቤታችን የተለመደ ሥርዓት አለ። ባልደረቦቹ ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ሻይና ዳቦ ይቀርባል፤ አለቃው ተነሥቶ ስለ ታታሪነቱና ስለ ትሕትናው ይናገራል፤ ከዚያም በጭብጨባ መካከል ጋቢ በትከሻው ላይ ይደረብለታል፤ ከዘራም በእጁ ይሰጠዋል። ሥርዓቱ ያማረ ስለሆነ የምንነቅፈው አይደለም። ነገር ግን ሁለቱ ስጦታዎች የሚናገሩት አንድ ነገር አይደለም። ጋቢው «እንግዲህ ተከናንበህ ተቀመጥ» ይላል፤ ከዘራው ደግሞ «ተነሥና ተመላለስ» ይላል። ተሰናባቹ ከሁለቱ የትኛውን እንደ ሰማ የሚታወቀው በግብዣው ዕለት ሳይሆን በሚከተለው ሰኞ ጧት ነው።

በዚያ ሰኞ ሰውየው እንደ ልማዱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይነቃል። ታጥቦ ይለብሳል፤ ጫማውንም ይወለውላል። ከዚያ በኋላ ግን የሚሄድበት የለም። የሚፈርመው ወረቀት፣ የሚጣላው ጸሐፊ፣ ከበሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ባለጉዳይ የለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲመኘው የኖረው ዕረፍት በእጁ ገባ፤ ምን እንደሚያደርግበት ግን አላወቀም። በዚህች ጧት የሚሰማው ባዶነት ከኪስ ባዶነት የማያንስ መሆኑን ብዙ ጊዜ አንገነዘበውም።

ይህን ገጽ የሚያነቡት አብዛኞቹ ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች ስለሆኑ «ጡረታ ለእኛ ምናችን ነው?» ሊሉን ይችሉ ይሆናል። መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ የስድሳ ዓመቱን ሰው የሚሠራው ያው የሃያ አምስት ዓመቱ ሰው ነው፤ በጎልማሳነት ያልተዘራ ነገር በእርጅና አይታጨድም። ሁለተኛ፣ የዛሬ ጡረተኞችን ጉዳይ በጠረጴዛው ላይ ይዞ የተቀመጠው ወጣቱ ሠራተኛ ነው። ዶሴው ቢፈጥን ወይም ቢዘገይ፣ ሽማግሌው ቢከበሩ ወይም ደጅ ቢጠኑ በእርሱ እጅ ነው።

ነገሩን በደፈናው እንዳንናገረው አንድ ስፍራ እንምረጥ። ከደጀን ተነሥቶ በምሥራቅ ጎጃም በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ ቢቸናና ሞጣ ይገኛሉ። ቢቸና በእነማይ፣ ሞጣ በሁለት እጁ እነሴ ምድር ናቸው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሁለቱም የአውራጃ ዋና ከተሞች ስለ ነበሩ መሥሪያ ቤትን፣ ፍርድ ቤትንና ትምህርት ቤትን የለመዱ ናቸው። ዙሪያቸውን ግን ጤፍ አምራች ገበሬ ከቧቸዋል። ከቢቸና ብዙም ሳይርቅ ደግሞ በትምህርቱ ስሙ የተጠራው ዲማ ጊዮርጊስ አለ። ስለዚህ በዚህ አገር ሦስት ዓይነት እርጅና ጎን ለጎን ይታያል፤ የመንግሥት ሠራተኛው እርጅና፣ የገበሬው እርጅና፣ የቤተ ክርስቲያን መምህሩ እርጅና። ሦስቱን ብናስተያይ ብዙ እንማራለን።

ሕጉ የሚያውቀው ግማሹን ነው

ጡረታ የሚለው ቃል የመጣው «ጦረ» ከሚለው ነው። ጦረ ማለት ያረጀ ወላጅን መገበ፣ ደገፈ ማለት ነው። ቀድሞ መጦር የልጅ ግዴታ ነበረ። ዘመናዊው ሕግ ይህን የልጅ ግዴታ ወደ መንግሥት ያሻገረው በ1953 ዓ. ም. በወጣው ድንጋጌ ቁጥር 46፣ ቀጥሎም በ1955 ዓ. ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ነው። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል። በ2003 ዓ. ም. አዋጅ ቁጥር 714 ለመንግሥት ሠራተኞች ሲወጣ፣ አዋጅ ቁጥር 715 ደግሞ የግል ድርጅት ሠራተኞችን ለመጀመሪያ ጊዜ በስፋት ወደ ጡረታ ዋስትና አስገባ። በ2014 ዓ. ም. ሁለቱም በአዲስ አዋጆች ተተኩ። የመጦሪያው ዕድሜ 60 ዓመት ነው።

የሒሳቡን ነገር ወጣቱ ከወዲሁ ቢያውቀው ይጠቅመዋል። የ2003ቱ አዋጅ ባስቀመጠው ስሌት መሠረት አንድ የሲቪል ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት አገልግሎቱ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ እየተጨመረ፣ ከ70 በመቶ ሳይበልጥ ይሰላለታል። የሚሰላውም በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ደመወዝ አማካይ ላይ ነው። እንግዲህ 30 ዓመት ያገለገለ መምህር የሚደርሰው 55 በመቶ ነው ማለት ነው። ገቢው በአንድ ጀምበር ወደ ግማሽ ይወርዳል። የጤፍና የዘይት ዋጋ ግን እርሱ ጡረታ ወጣ ብሎ አብሮት አይወርድም። በየጊዜው የአበል ማስተካከያ ቢደረግም ገበያው ፈጣን በቅሎ፣ አበሉ ዘገምተኛ አህያ ሆኖ መንገድ ላይ ሲቀዳደሙ እናያለን።

ይህ የገንዘቡ ጉዳይ ነው፤ ከባድም ነው። ይሁን እንጂ ሕጉ ሊያሰላው ያልቻለ ሌላ ኪሳራ አለ። ጡረተኛው ከደመወዙ ጋር የቀኑን ሥርዓት፣ የባልደረቦቹን ወሬ፣ «መምህር»፣ «ጸሐፊ»፣ «ኃላፊ» የተባለበትን ስም፣ ከሁሉም በላይ በሰው ዘንድ የመፈለግን ነገር ያጣል። ለዚህ ኪሳራ 55 በመቶ እንኳ የሚተካ አዋጅ የለም።

ገበሬው ከማማው በመሰላል ይወርዳል

አሁን ከከተማው ወጥተን ወደ እርሻው እንመልከት። የእነማይ ገበሬ የጡረታ አበል የለውም፤ የመሰናበቻ ግብዣም አይደረግለትም። ግን እርጅናው እንዴት እንደሚመጣ ልብ እንበል። ጉልበቱ ሲደክም ዕርፉን ለልጁ ይለቃል፤ ዘር መምረጡን ግን አይለቅም። ጥቂት ቆይቶ ከእርሻ ይቀራል፤ ዐውድማ ላይ ግን ተቀምጦ ያዛል። ከዚያም ዐውድማው ይቀራል፤ ሠርግና ለቅሶ፣ የድንበር ክርክርና የባልና ሚስት ጠብ ሲነሣ ግን ሽማግሌ ሆኖ ይጠራል። አንዱን ሥራ ሲለቅ ሌላው ይይዘዋል። እህል ከሚጠብቅበት ማማ በመሰላል፣ እርከን በእርከን ይወርዳል እንጂ አይወድቅም። የመንግሥት ሠራተኛው ግን ዓርብ በማማው ላይ ውሎ ሰኞ ከመሬት ላይ ነው።

የዲማው መምህር ነገር ደግሞ ከዚህም የተለየ ነው። የቅኔ ወይም የመጻሕፍት መምህር ዕድሜው ሲገፋ ዕውቀቱ እየጠለቀ እንደ ሄደ ስለሚቆጠር ሽበቱ ክብሩን ይጨምርለታል እንጂ አይቀንስበትም። ዐይኑ ቢደክም ተማሪው ያነብለታል፤ እግሩ ቢደክም ተማሪው ከደጁ ይመጣለታል። ለእርሱ ሥራውና ሰውነቱ አንድ ስለሆኑ ከሥራው የሚሰናበትበት ቀን አይቆረጥለትም።

ይህን ስንል የገጠሩን እርጅና ማር ቀብተን ለማቅረብ አይደለም። ልጆቹ ወደ ከተማ የሄዱበት ሽማግሌ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ በግማሽ ምርት የሚኖር፣ ሌሊቱንም ብቻውን የሚያነጋ ብዙ ነው። የሴቶቹን ነገር ደግሞ መዘንጋት አይገባም። ባልቴቷ ጥጥ ትፈትላለች፤ የልጅ ልጅ ታሳድጋለች፤ ጡረታ የወጣችው ነርስ ወይም መምህርትም ወደ ሌላ ሙሉ የሥራ ቀን ማለትም ወደ ቤቷ ነው የምትመለሰው። ለብዙዋ ሴት ችግሩ የሥራ ማጣት ሳይሆን የምትሠራው ሥራ እንደ ሥራ አለመቆጠሩ ነው። ቢሆንም ከገበሬውና ከመምህሩ የምንማረው አንድ ቁም ነገር ይኸው ነው፦ ሰው የሚያረጀው ዕድሜው ሲቆጠር ሳይሆን የሚፈልገው ሰው ሲያጣ ነው።

የሥነ ልቡና ሊቃውንት ምን አገኙ?

የሥነ ልቡና ሊቃውንት ለብዙ ዘመን ሲመረምሩ የኖሩት በአመዛኙ የአእምሮን ሕመምና ጭንቀት ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 ማርቲን ሴሊግማን የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ የአገራቸው የሥነ ልቡና ማኅበር ፕሬዚዳንት በሆኑ ጊዜ፣ ሕመምን ብቻ ሳይሆን ሰውን የሚያጠነክረውን ነገር፣ ማለትም ምስጋናን፣ ተስፋን፣ ወዳጅነትን፣ የሕይወትን ዓላማ ጭምር እንድንመረምር ይገባል ብለው ተነሡ። ይህም ትምህርት አዎንታዊ ሥነ ልቡና ተባለ። በ2004 ሴሊግማን ከክሪስቶፈር ፒተርሰን ጋር ሆነው የሰውን መልካም ጠባዮች በ24 ከፍለው የዘረዘሩበትን ትልቅ መጽሐፍ አወጡ።

በ2005 እነዚህ ሊቃውንት ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ቀላል ልምምዶችን ፈትነው ያገኙትን ለዓለም አሳወቁ። ከልምምዶቹ ሦስቱን እንጥቀስ። የመጀመሪያው፣ ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ በዕለቱ የተደረጉ ሦስት መልካም ነገሮችን መጻፍና እያንዳንዱ ለምን እንደ ሆነ መግለጽ ነው። ሁለተኛው፣ ውለታ ለዋለልንና በሚገባ ላላመሰገንነው ሰው ደብዳቤ ጽፎ በአካል ሄዶ ማድረስ ነው። ሦስተኛው፣ ሰው በጠባዩ ውስጥ ያለውን ብርቱ ነገር ለይቶ በየቀኑ በአዲስ መንገድ እንዲሠራበት ማድረግ ነው። ውጤቱ ትምህርት ያለበት ነው። የምስጋናው ጉብኝት ወዲያውኑ ታላቅ ደስታ ሰጠ፤ ግን ወር ያህል ቆይቶ ደበዘዘ። ሁለቱ ሌሎች ልምምዶች ግን ፍሬያቸው እስከ ስድስት ወር ድረስ ታየ፤ ይልቁንም ከተመደበው ሳምንት በኋላ በራሳቸው ፈቃድ በቀጠሉት ሰዎች ላይ።

በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ1938 ጀምሮ የሰዎችን ኑሮ ከወጣትነት እስከ እርጅና ሲከታተል የኖረ ጥናት አለ። ከዚህ ሁሉ ዘመን ክትትል ተደጋግሞ የወጣው ቃል አጭር ነው፦ በሃምሳ ዓመታቸው ከሰው ጋር በነበራቸው ግንኙነት የረኩት ሰዎች በሰማንያ ዓመታቸው በጤና የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ለጡረታ ከሚቀመጠው ሀብት አንዱ ወዳጅ ነው ማለት ነው።

«ተመስገን» ብለን የምንዘጋው በር

«ይህ ሁሉ ለእኛ ምን አዲስ ነገር አለው? ምስጋናን ከአባቶቻችን ወርሰናል፤ ጉርብትና፣ ማኅበርና ዕድር አለን» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ጠዋት ማታ «እንዴት ዋሉ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል ሕዝብ ምስጋናን ከባሕር ማዶ የሚማርበት ምክንያት የለም። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ብዙ ጊዜ «ተመስገን» የምንለው ወሬውን ለመዝጋት ነው። የታመመውም፣ የከፋውም፣ ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረውም «ተመስገን» ብሎ ያልፋል። ሊቃውንቱ የሚሉት ልምምድ የሚጀምረው ግን ከዚያ በኋላ ነው፤ «ስለ ምኑ?» ብሎ ይጠይቃል።

እንበልና በሞጣ ከተማ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መምህር ማታ ደብተራቸውን አውጥተው «ዛሬ የጎረቤት ልጅ ክፍልፋይ ሒሳብ አስረዱኝ ብሎ መጣ፤ የመጣውም እናቱ እኔ ዘንድ ስለ ላከችው ነው፤ እናቱም የላከችው ድሮ እኔ ስላስተማርኋት ነው» ብለው ጻፉ። ከዚህ በፊት ያልተገለጠላቸው ነገር ተገለጠላቸው፤ የሠላሳ ዓመት ድካማቸው ዛሬም በሰፈሩ ውስጥ እየሠራ ነው። ይህ ከንቱ ራስን ማታለል አይደለም። ዐይን የጎደለውን ለማየት ስለሚቸኩል፣ ያለውንም በቁጥር እንዲያይ ማስተማር ነው። መጻፍ የማይችሉት ደግሞ በቡና ሰዓት አፍ አውጥተው ቢነጋገሩት ያው ነው፤ ቡናችን ሦስት ጊዜ መፈላቱም ለሦስቱ ነገር የተመቸ ነው።

ለባዶ ማሰሮ ስብከት አይሆንም

ከዚህ ላይ ግን ማስጠንቀቂያ መስጠት ይገባናል። ይህ ትምህርት በክፉ እጅ ቢያዝ መሣሪያ ይሆናል። አበሉ ሳይደርሳቸው ወራት ላለፉ አዛውንት «ሦስት መልካም ነገር ይጻፉ» ማለት ምክር ሳይሆን ፌዝ ነው። ዶሴአቸው ጠፍቶ «ነገ ይመለሱ» እየተባሉ ከቢሮ ቢሮ የሚንከራተቱ ሰው የሚያስፈልጋቸው የአእምሮ ልምምድ ሳይሆን ዶሴውን የሚፈልግ ወጣት ነው። የመሥሪያ ቤት ስንፍና በምስጋና ትምህርት መሸፈን የለበትም።

ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ዘመኑ የከበደ መሆኑን ዘንግተን መናገር አንችልም። ከሐምሌ ወር 2015 ዓ. ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተስፋፋው የጦር መሣሪያ ግጭት ምሥራቅ ጎጃምን አልማረም። መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክ ሲቋረጥ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የመጀመሪያዎቹ ተጐጂዎች ሕፃንና ሽማግሌ ናቸው። ልጁን ለሚሰጋ አባት ደስታን መስበክ አይቻልም። ስለዚህ ደስ ይበላችሁ የሚለውን ትተን፣ በመከራ ጊዜ ሰውን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ምንድር ነው ብለን ብንጠይቅ ይሻላል። መልሱ ያው ከላይ የተናገርነው ነው፤ ለሌላ ሰው መትረፍ።

በዚህ ነገር ከአፍሪቃ ወንድሞቻችን የምንማረው አለ። በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ የአእምሮ ሐኪም የሆኑት ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ በ2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንድ ሥራ ጀመሩ። ሐኪም ጥቂት፣ የሚጨነቀው ሕዝብ ግን ብዙ ስለ ነበር በምባሬ ሰፈር ያሉ አሥራ አራት አሮጊቶችን አሠልጥነው ከጤና ጣቢያው ግቢ በእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። የተጨነቀው ሰው መጥቶ ከአያትየዋ ጎን ይቀመጣል፤ ትሰማዋለች፤ ከችግሮቹ አንዱን መርጦ መፍትሔ እንዲፈልግለት ትረዳዋለች። የአገሬው ሰው ሕመሙን «ብዙ ማሰብ» በሚል ቃል ይጠራዋል፤ እኛም «ሐሳብ በዛበት» እንደምንለው። በ2016 በ573 ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት ሲወጣ፣ ከአያቶቹ ጋር የተቀመጡት ከስድስት ወር በኋላ የጭንቀታቸው ምልክት በተለመደው መንገድ ከታከሙት ይልቅ በእጅጉ ቀንሶ ተገኘ።

ልብ ማለት የሚገባን ነገር ይህ ነው፦ በዚያ ወንበር ላይ እርጅና ችሎታ እንጂ ጉድለት አልሆነም። ሽምግልናን በቤቱ ያሳደገ የጎጃም ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። ወንበሩን የሚያኖርለት መሥሪያ ቤት ነው የጎደለው።

መምህር ያጣ ልጅና ልጅ ያጣ መምህር

አሁን ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ እንመለስ። በአንድ ሰፈር ውስጥ ትምህርት የተቋረጠበት ልጅ አለ፤ በሚቀጥለው ግቢ ደግሞ አርባ ዓመት ያስተማሩ ጡረተኛ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። አንዱ መምህር፣ ሌላው ልጅ አጥቷል። በመካከላቸው ያለው የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። ይህን አጥር ለመክፈት ትልቅ በጀት አያስፈልግም። ደኅንነቱ በሚፈቅድበት ስፍራ በቀን አንድ ሰዓት፣ በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ወይም በአንድ በረንዳ ላይ አምስት ልጆችን ማስነበብ ይበቃል። ሊቃውንቱ «ብርቱ ጠባይህን በአዲስ መንገድ ሥራበት» የሚሉት ከዚህ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ጡረተኛው ነርስ ስለ ሕፃናት ክትባት፣ ጡረተኛው ዳኛ ስለ ውልና ስለ ውርስ፣ ጡረተኛው የሒሳብ ሠራተኛ ስለ ዕድሩ መዝገብ እንዲሁ አንድ ሰዓት አያጡም።

በእርጅና አዲስ ሥራ አይጀመርም የሚል ቢኖር ከዚያው ከዲማ የወጣ ምስክር እንጠራለታለን። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማሩ የጎጃም ሰው ናቸው። መምህር፣ አርበኛ፣ በኢጣልያ እስረኛ፣ አምባሳደር፣ ሚኒስትር ሆነዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ. ም. ገና በመንግሥት ሥራ ላይ ሳሉ ነው። ከሥልጣን ከራቁ በኋላ ግን ጋቢ ተከናንበው አልተቀመጡም። «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974፣ «የልምዣት» በ1980፣ «ትዝታ» የተባለው የራሳቸው ታሪክ በ1985 ዓ. ም. ወጡ። የተወለዱት በ1902 ዓ. ም. ስለሆነ ሦስቱም ከሰባ ዓመታቸው በኋላ የታተሙ ናቸው፤ የመጨረሻው በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ገደማ መሆኑ ነው። ያረፉት በ1996 ዓ. ም. ነው። ሁሉ ሰው ደራሲ ይሁን አንልም። ነገር ግን ያን ብዕር የያዙት በሰባ ዓመታቸው አለመሆኑን ልብ እንበል። በሹመት ዘመናቸው ከወንበራቸው ሌላ የራሳቸው ሥራ ስለ ነበራቸው፣ ወንበሩ ሲሄድ ሥራው ቀረላቸው።

ለወጣቱ ሠራተኛ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት በመሥሪያ ቤቶቻችን ውስጥ ዛሬም ሲነገር እንሰማለን። ይህ ተረት ከስግብግብነት ብቻ የመጣ አይመስለንም፤ ከፍርሃትም የመጣ ነው። ከወንበሩ በኋላ ምንም የለም ብሎ የሚያምን ሰው በወንበሩ ሳለ ሁሉን ለመሰብሰብ ይቸኩላል፤ ዕድሜው ሲደርስም ወንበሩን በሁለት እጁ አንቆ ይይዛል። እንግዲህ የጡረታ ዘመንን ያማረ ማድረግ ለአረጋውያን ርኅራኄ ብቻ ሳይሆን ለመንግሥት ሥራ ንጽሕናም መድኃኒት ነው። ነገ የሚከበርበትና የሚሠራበት ስፍራ እንዳለ የሚያውቅ ሹም ዛሬ እጁን መሰብሰብ አይቸግረውም።

ስለዚህ ለወጣቶቻችን ጥቂት ምክር እንለግሳለን። ከቢሮ ውጭ የምታውቁት አንድ ሙያ፣ ከቢሮ ውጭ የምትወዱት አንድ ሰው ይኑራችሁ። ባልደረባችሁ ጡረታ ሊወጣ ዓመት ሲቀረው ሥራውን ለተተኪው እያስተማረ በመሰላሉ እንዲወርድ አድርጉት። የጡረታ ዶሴው ከግብዣው ቀን በፊት ያለቀ ይሁን። ከወጣ በኋላም ቸግሯችሁ ምክር ብትጠይቁት ውለታ የዋላችሁት እናንተ ናችሁ። ተማሪዎች ደግሞ ፊደል ያስቆጠሯችሁን ሰው አስቡ። አንድ ወረቀት ጽፋችሁ፣ ይዛችሁ ሄዳችሁ፣ ከፊታቸው አንብቡላቸው። የዚህ ጉብኝት ደስታ ወር ቆይቶ ይደበዝዛል ብለናል፤ እንግዲያውስ በየወሩ መሄድ ነዋ! «አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀምበር ሳለ ሩጥ» የተባለው ለዚህም ነው።

ከሞጣ በስተ ሰሜን፣ በዐባይ ላይ ሰባራ ድልድይ የሚባል አለ። በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለትን ይህን የድንጋይ ድልድይ አርበኞች በጣልያን ወረራ ጊዜ የጠላትን መንገድ ለመቁረጥ መካከሉን አፈረሱት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት መንገደኛው በወገቡ ገመድ ታስሮ፣ በዚህ ወገን ያሉት ቀስ እያሉ ሲለቁለት፣ በዚያ ወገን ያሉት ሲስቡት ገደሉን ይሻገር ነበር። ኋላም በአካባቢው ተንጠልጣይ የእግር ድልድይ ተሠራ። በገመዱ ዘመን ግን በራሱ ጉልበት ብቻ የተሻገረ ሰው አልነበረም፤ በሁለቱም ወገን ገመድ የሚይዝ ሰው ያስፈልግ ነበር።

ከሥራ ወደ ጡረታ የሚደረገው ጉዞም እንዲሁ ነው። በዚህ ወገን ቀስ ብሎ የሚለቅ መሥሪያ ቤት፣ በዚያ ወገን «ይምጡ፣ እንፈልግዎታለን» ብሎ የሚስብ ሰፈር ያስፈልጋል። ገመዱን መያዝ የወጣቱ ተራ ነው። ያን ጊዜ ጋቢው ለማታ ብርድ ይሆናል፤ ከዘራውም ጧት ጧት በየደጁ ሲያንኳኳ ይሰማል።